«አሮጌ ቤት ያረፈበት» ስለተባለው ፎቅ ቤት፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ከተማ የቅርስ፣ የመሬትና የሕንፃ ፈቃድ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣
ለቤቱ ወራሾች፣
ቤቱን ለሚገዛው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየሁ። «የሚሸጥ። ዋና መንገድ ዳር። ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለገበያ ማዕከል ምቹ የሆነ ሰፊ ቦታ። ካርታ ያለው። አሮጌ ቤት ያረፈበት።» ከሥር የደላላ ስልክ አለ።

ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የትኛው ቤት እንደሆነ የገባኝ ግን ቀና ስል ነው። ምሰሶው ያለው ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። የሚሸጠው ፎቅ ቤቱ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው፤ ፎቅ ቤቱ። ዛሬ በከተማችን አራትና አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ በየመንገዱ ቆሟል። ያም ሆኖ «ፎቅ ቤቱ ጋ ጠብቀኝ» ሲባል የሚሳሳት የለም። የባጃጅ ሾፌሮችም ሌላ ምልክት አይጠይቁም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሽያጩን ለመቃወም አይደለም። ቤቱ የግል ንብረት ነው፤ ወራሾቹ የመሸጥ መብት አላቸው። ለንግድ መዋሉንም አልቃወምም። እንዲያውም እደግፈዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቤቱ እንደ ቤት ይሸጥ። እንደ ባዶ ቦታ አይሸጥ። «አሮጌ ቤት ያረፈበት» ማለት፣ ገዢው ቤቱን የሚያፈርስበትን ወጪ አስቀድሞ ያስላ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ቤቱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የታችኛው ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ላዩ በኖራ ተለስኗል። የላይኛው ክፍል በጥድ ጠርብና በጭቃ የቆመ ነው። ከፊት ለፊትና ከሁለቱ ጎን ሰገነት ዞሮታል። የሰገነቱ መደገፊያ በእንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ ፍርግርግ ነው፤ እያንዳንዱ ዘንግ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ። ደረጃው በውጭ በኩል ይወጣል። መስኮቶቹ ባለ ትናንሽ መስታወት ናቸው፤ አንዳንዱ መስታወት የድሮ ስለሆነ ከውስጥ ሆናችሁ መንገዱን ስታዩ ሰዉ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ይወዛወዛል። ልጅ ሆኜ በዚያ መስታወት ሰው ሳይ መዋል እወድ ነበር።

ክረምት ላይ ደግሞ ቤቱ ይሸታል። መጥፎ ሽታ አይደለም። ጥዱ እርጥበት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ነው፤ እጣን ካጨሱበት ክፍል ማግስት እንደመግባት ያለ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ደግሞ ይህን ታደንቃላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። እኔ አሁን የምኖረው በብሎኬት ቤት ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ፎቅ ቤት ግን እማማ በነጠላ ብቻ ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ አስታውሳለሁ። የቤቱን እመቤት እኛ የሰፈሩ ልጆች «እማማ» ነበር የምንላቸው። ነፍሳቸውን ይማር።

ያን ቤት የሠሩት ሰዎች የምህንድስና ትምህርት ቤት አልገቡም። አገሩን ግን ያውቁታል። ብርዱን ያውቁታል፣ ድንጋዩን ያውቁታል፣ ጥድ ምስጥ እንደማይደፍረው ያውቃሉ። የመንዝና የአንኮበር ገበሬ በድንጋይ ቤት የኖረው በምክንያት ነው። ፎቅ ቤቱ ያንን የገበሬ ጥበብ ወስዶ፣ ሰገነትና መስታወት ጨምሮ ከተማ ያስገባ ቤት ነው። እማማ ከድል በኋላ እንደተሠራ ይነግሩን ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ዳር ሰው መስፈርና መነገድ በጀመረበት ጊዜ ማለት ነው። ጣርማ በርን በዋሻ ፈልፍሎ ወደ ደሴ የሚወርደው መንገድ ለጦር ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ በኋላ ለእኛ ንግድ ሆነልን። ጨውም፣ በርኖሱም፣ ባናውም፣ በጉም በዚያ መንገድ አለፈ። ፎቅ ቤቱም ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ሆኖ የቆመው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቤቱ ገና ሲሠራም የንግድ ቤት ነበር። ለንግድ መዋሉን የምደግፈው አንዱም በዚህ ነው።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ እኔን ከዚህ ቤት ጋር ያስተሳሰረኝ እሱ ነውና።

አባቴ አናጢ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ክረምት የሰገነቱ መደገፊያ በአንድ በኩል በስብሶ ወደቀ። እማማ አባቴን አስጠሩት። በዚያን ጊዜ ሌላ አናጢ ቢሆን ኖሮ የባሕር ዛፍ አጣና መትቶ፣ ቀለም ቀብቶ ይሄድ ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። አባቴ ግን ከወደቁት ዘንጎች አንዱን ቤት ይዞ መጣ። ሦስት ማታ በፋኖስ አየው። ከዚያ በስስ ጣውላ ላይ ቅርጹን አውጥቶ ቆረጠ። በዚያ ጣውላ እየለካ፣ አሮጌ የጥድ ቋሚ ከፈረሰ ቤት ገዝቶ እየላገ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ሠራ። እኔ እንጨቱን እይዝለት ነበር። መላጊያው ሲሄድ የሚወጣው ስስ ፍቅፋቂ እንደ ጥብጣብ ይጠቀለላል። ፀጉሬ ላይ እያደረግኩ እጫወትበት ነበር።

ሲጨርስ የድሮውን ከአዲሱ መለየት አልተቻለም። ቀለሙ ብቻ ትንሽ ይለያይ ነበር። እማማ ሰገነቱ ላይ ቆመው በእጃቸው እየዳሰሱ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። «የትኛው ነው ያንተ?» አሉት። አባቴ አልነገራቸውም። ዝም ብሎ ፈገግ አለ። አባቴ በሥራው ሲኮራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያ መደገፊያ ዛሬም ቆሟል። ከመንገድ ሆናችሁ በግራ በኩል ያለውን እዩት።

ለወራሾቹ እንዲህ ማለት እፈልጋለሁ። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሸክማችሁን አውቃለሁ። ቤት አይቆረስም። ግማሻችሁ አዲስ አበባ፣ አንዳንዳችሁ ባሕር ማዶ ናችሁ። ጣራው ያፈሳል፤ የሚጠግን ቅርብ ሰው የለም። እናንተም ኑሮ አለባችሁ፣ ልጆች አላችሁ። ወላጆቻችሁ ይህን ቤት ጠብቀው ያቆዩት በቀላሉ አይደለም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር የተፈቀደው። እማማ ከዚያ በፊት ሌሎች የኪራይ ቤቶች ነበሯቸው። ሁሉም ተወሰዱ፤ ይህን መረጡ። መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ነው፤ «ለመኖሪያ የሚመቸውን ትንሹን ያዢ» ተብለው «ይኸኛውን ነው የምይዘው» አሉ ይባላል። ይህን እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ አትሽጡ አልላችሁም። ደላላውን ግን «ማስታወቂያውን ቀይረው» በሉት። ቤቱን ፎቶ አንሱና ማስታወቂያው ላይ አድርጉት። የድንጋይ ግድግዳ፣ የጥድ ሰገነት፣ ሰማንያ ዓመት የኖረ ቤት ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ቦታ የሚፈልግ ገዢ ካሬ እየቆጠረ ይከራከራችኋል። ቤቱን የሚፈልግ ገዢ ግን አለ። እስኪመጣ መጠበቅ ይከብዳል፤ ቢሆንም ስድስት ወር ስጡት። ስለ ዋጋው ለእናንተ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እናንተ የምታዩት የሚያፈስ ጣራ ነው። ሌላ ሰው ሲያየው ሌላ ነገር ያያል።

ወደ እናንተ ልምጣ፣ ኃላፊዎች።

የእኛ ከተማ ትናንት የተቆረቆረች አይደለችም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ስሟን ያገኘች፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት የተሠራባት ከተማ ናት። ከ560 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከተማዋን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ግን ይህን ታሪክ በቃል ነው የምንነግረው። ገብቶ የሚያየው፣ እጁን የሚያሳርፍበት የቀደመ ዘመን ቤት ስጡኝ ቢለን የት እንወስደዋለን? ልቼን በስም እናውቃታለን፤ በ1870 ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ የተስማሙባት ናት። አንጎለላ ምኒልክ በ1836 የተወለዱባት ናት። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። ስሞቹ በአፋችን አሉ። ቤቶቹ የሉንም።

አንኮበርን እዩ። የሸዋ ነገሥታት መዲና ነበረች። ቤተ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ በዚያው ኮረብታ ላይ የድሮውን መልክ እንዲይዝ ተደርጎ ሎጅ ተሠራ። እኔ ሎጁን እወደዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሥራ ፈጠረ፣ እንግዳ አመጣ። ቁልቁል የአፋርን ሜዳ እያዩ ቡና መጠጣት ደስ ይላል። ግን አስቡት፤ አንኮበር ላይ ሰው የፈረሰን ቤት መልክ ለመመለስ ስንት ደክሟል። እኛ ጋ አንድ ቤት በራሱ እግር ቆሟል፤ እኛ ደግሞ ለማፍረስ ገዢ እየፈለግን ነው።

እርግጥ ነው ፎቅ ቤቱ የንጉሥ ቤት አይደለም። የነጋዴ ቤት ነው። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ዋጋው አይቀንስብኝም። የነገሥታቱን ታሪክ ዜና መዋዕል ጽፎልናል። ጨው ቸርችሮ፣ ሱፍ ሸጦ፣ ልጅ አስተምሮ ከተማ ያቆመውን ሰው ታሪክ የጻፈልን የለም። የጻፈው ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ቤት ነው።

አዲስ ሕግ አውጡልን አልልም። ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ ሕንፃን ከቅርስ ይቆጥራል። ቅርስ የያዘ ሰው በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጥገናና እድሳትም ቢሆን አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ቤቱ ካልተጠና፣ ካልተመዘገበ፣ በወረቀት ፊት «አሮጌ ቤት» ብቻ ነው። ደላላው ያለውን ነው ወረቀቱም የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ቀላል ነው። ሜትርና ካሜራ የያዙ ሁለት ባለሙያዎች ላኩ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤቱን ለኩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ዕቅዱን ሳሉት፣ እማማን የሚያውቁ አዛውንቶችን ጠይቁ። እነዚያ አዛውንቶች በየወሩ እየቀነሱ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ ከሰፈራችን ሦስቱን ቀብረናል፤ ሦስቱም ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉ ሰዎችን በአካል ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው በመሬት በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ፤ እኔም የገባኝ ወንድሜ የራሱን ቤት ሲሸጥ ነው። በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ማለት ገዢው ከወራሾቹ ጋር ብቻ ተዋውሎ አይጨርስም። ከእናንተም ጋር ይዋዋላል። እናንተ ፊት ቁጭ ይላል፣ ይፈርማል። በዚያ ውል ላይ ስለ ግንባታው የምትጽፉት ነገር አለ። የምለምናችሁ በዚያን ሰዓት ይህን እንድትጽፉ ነው፦ የፊቱ ቤት ይቆያል፤ አዲሱ ግንባታ ከጓሮ ይሁን። ጓሮው ሰፊ ነው። የድሮው ማድ ቤትና በረት የነበረበት ቦታ ለደህና ሕንፃ ይበቃል። የገዢውም ገንዘብ አይቃጠልም፣ ቤቱም አይፈርስም።

የሕንፃ ፈቃድ ክፍሉም አለ። የሕንፃ ሕጋችን ከ2001 አዋጅ ጀምሮ ማፍረስን ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። እዚህ ላይ አንድ የደረሰብኝን ልንገር። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ አክስቴ ከምትኖርበት ሰፈር እንዲህ ያለ የድሮ ቤት ነበር። ጎረቤቶች አቤት ልንል ተሰባስበን ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባን። «ይታያል» ተባልን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት፣ ሎደር መጣ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንደርስ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የዚያን ቀን የአቧራውን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። ደብዳቤውን ዛሬ የምጽፈው፣ ገዢ ሳይመጣ፣ ሎደር ሳይመጣ፣ ለዚህ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳነብለት ተቆጣኝ። «ሰው መጠለያ አጥቶ በከተማችን ዳር በድንኳን ውስጥ እያደረ አንቺ ስለ አሮጌ ቤት ታለቅሻለሽ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ጥያቄው ከባድ ነውና። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ከዚያ የመጡ ሰዎችን ቤታችን አሳድረናል። አንዲት እናት እንዲህ አለችኝ፦ ሣጥኑም፣ አልጋውም፣ እህሉም ነደደ፤ የሚያንገበግበኝ ግን ልጆቼን የወለድኩበት ጓዳ ነው። ገንዘብ ሲገኝ ሣጥን ይገዛል። ያ ጓዳ ከየት ይመጣል? ለወዳጄ ይህን ነገርኩት። ለተፈናቀለው ሰው ቤት መሥራት አለብን፤ ለዚያ ከማንም ኋላ አልቀርም። ፎቅ ቤቱ ቢፈርስ ግን ከፍራሹ ላይ ለተፈናቃይ የሚሠራ ቤት የለም። የሚሠራው የመስታወት ሕንፃ ነው። ወዳጄ ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ ጻፊው» አለኝ።

አሁን ቀሪው ቃሌ ለእርስዎ ነው፤ ቤቱን ለሚገዙት።

እርስዎ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ምናልባት ሆቴል ያስቡ ይሆናል። መልካም ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነን። ወደ አንኮበር የሚሄደው፣ መንዝ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚሄደው፣ ጻድቃኔ ማርያም የሚሳለመው፣ ሁሉም በእኛ በኩል ያልፋል። ያልፋል ነው የምልዎት። ቁርስ ይበላል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚያውቀውን ዓይነት የአልሙኒየምና የመስታወት ክፍል እኛ ጋ መጥቶ ለማደር ምን ምክንያት አለው? በጥድ ሰገነት ላይ ተቀምጦ፣ በርኖስ ደርቦ፣ ትኩስ የገብስ ቅንጬ እየበላ የጠዋቱን ጭጋግ ሊያይ ግን ያድራል። እኔ ብሆን አድራለሁ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ጣይቱ ሆቴል ከ110 ዓመት በላይ ሆኖት እንግዳ ይቀበላል። በጥር 2007 እሳት ሲነካው እንኳ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ሰው እዚያ የሚሄደው አልጋው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ወለሉ ሲረገጥ ስለሚጮህ፣ ደረጃው ሰፊ ስለሆነ፣ ማን ማን እዚያ እንደገባ ስለሚያስብ ነው። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። የቆየ ቤት ሥራ ይሠራል። የሚያስፈልገው የሚያውቅበት ሰው ነው።

ስለ ጥገናው ደግሞ የአባቴን ምክር ላካፍልዎት፤ ይህን ሁልጊዜ ይለው ነበርና ልቤ ውስጥ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት ጣራውን። ቤት የሚሞተው ከላይ ነው። የተበሳውን ቆርቆሮ ይቀይሩ፣ አሸንዳውን ያጽዱ፣ ውሃው ከግድግዳው ሥር ርቆ እንዲወርድ ቦይ ያስቆፍሩ። ይህን ብቻ ካደረጉ ቤቱ ሌላ ሃያ ዓመት ይጠብቅዎታል፤ የቀረውን ገንዘብ ሲያገኙ ያድርጉት። ሁለተኛ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አያስለስኑ። ብዙ ሰው አጠነከርኩ ብሎ የሚገድለው በዚህ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ይተነፍሳል፤ የገባበት እርጥበት ተመልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲለጥፉበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ጥቂት ክረምት ቆይቶ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። ኖራ ይጠቀሙ። ኖራ የሚያውቁ ግንበኞች በከተማችን ጥቂት ቀርተዋል፤ አሉ ግን። እኔ አሳይዎታለሁ። የወለሉን ጣውላ ከመቀየርዎ በፊት ጣውላውን የተሸከሙትን ወራጆች ጫፋቸው ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ በገቡበት በኩል ያስዩ። የሚበሰብሱት እዚያ ነው። መሐላቸው እንደ ብረት ነው። ሙሉውን አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፤ ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይቀጠላል። አናጢ ይህን ያውቃል፤ የማያውቅ አናጢ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

መስታወቶቹን እባክዎ አያውጧቸው። ያ የሚያወዛውዝ መስታወት ዛሬ በገንዘብ አይገኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አባቴ ያን ዘንግ የሠራበት ስስ ጣውላ፣ ቅርጹን የቆረጠበት ማለቴ ነው፣ እኔ ቤት አለ። ከሞተ በኋላ የሥራ ዕቃውን ስናካፍል ወንድሞቼ መጋዝና መላጊያውን ወሰዱ፤ እኔ ያችን ጣውላ ጠየቅኩ። በእርሳስ የጻፈው ልኬት አሁንም ይነበባል። በቀኝ በኩል ያሉት ዘንጎች አሁን መበስበስ ጀምረዋል፤ ባለፈው ክረምት ሁለቱ ተሰብረዋል። መደገፊያውን ለሚያስጠግን ሰው ጣውላዋን እሰጣለሁ። ገንዘብ አልፈልግም። ቤቴ ከፎቅ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። የአናጢው ልጅ ብለው ይጠይቁ፤ ያሳዩዎታል።

አክባሪያችሁ፣
የአናጢው ልጅ
ደብረ ብርሃን